ውሎ ገብ አበባ

መርሳ መናኸሪያ ስወርድ የያዝኩት ባለባጃጅ ወዴት እንደምሄድ ቢጠይቀኝ «የአበባ ሰዎች ስብሰባ አለብኝ» አልኩት። ደስ አለው። መስተዋቱን አስተካክሎ አየኝና «ምን ዓይነት አበባ ልታዩ ነው?» አለ።

«አበባው እንኳ አሁን የለም። የሚያብበው ክረምት ነው» አልኩት።

ወሩ ጥር ነበር። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ሒሳቡን እንኳ ሲቀበለኝ እጄን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ነው። አልፈርድበትም። ወልዲያ ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ደጃፍ ላይ በጣሳ የደረደርኩትን ቅጠል የሚያዩ ደንበኞቼም «ይኼ ሳር ምንድነው?» ይሉኛል፤ አበባ ነው ስላቸው ቀሚሳቸውን ሌላ ሰፊ ጋ መውሰድ የሚያምራቸው ይመስለኛል።

አበባዋ ትክክለኛ የአማርኛ ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም። እኛ ግን «ውሎ ገብ» እንላታለን። ጠዋት ከፀሐይ ጋር ትፈነዳለች፣ አፏን ከፍታ ትውላለች፣ ማምሻውን ተጨማዳ ታልቃለች። በማግስቱ እዚያው ዘንግ ላይ ሌላ እምቡጥ ተራዋን ትይዛለች እንጂ የትናንቷ አትመለስም። ቀን ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ ውሎ ገብ አይደል የሚባለው? እሷም እንዲያው ናት።

እኛ የምላችሁ አራት ሰዎች ነን። የመጀመሪያውን ሥር ከአዲስ አበባ ያመጣው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌም ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ዘበኛ ለምኖ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከመቀመጫው ሥር ሸጉጦ አመጣው። ከዚያ የሐራ ከተማው መምህር አለ፤ ባዮሎጂ ያስተምራል፣ የትኛው የአበባው ክፍል ወንድ የትኛው ሴት እንደሆነ ያሳየን እሱ ነው። እኔ ሦስተኛዋ ነኝ። አራተኛው ሐጂ ናቸው፤ መርሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ያለው ግቢ። እውነቱን ለመናገር ሦስታችን የአበባዋ ወዳጆች ነን፤ ሐጂ ግን ያበዱላት ናቸው።

መምህሩ ወንዱንና ሴቱን ክፍል ካሳያቸው ጀምሮ ሐጂ በየክረምቱ ማለዳ የአንዷን ብናኝ በሌባ ጣታቸው ጫፍ አንስተው ሌላዋ ላይ ያሳርፋሉ። ይህን ሥራ «ኒካህ ማሰር» ይሉታል። «ዛሬ ቢጫዋን ለዚያ ለሾፌሩ ብርቱካንማ ድሬለታለሁ» ብለው ይደውሉልኛል። ሾፌሩ ከሰማ ደግሞ «ጥሎሽ ሳይመጣ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ዘሩ ይለቀማል፣ ይዘራል፣ ይጠበቃል። ሲያብብም አብዛኛውን ጊዜ ያው ቢጫ፣ ያው ብርቱካንማ ነው።

ከዚያ ስብሰባ በፊት በነበረው ክረምት ግን አንዷ ለየላት። ባበበችበት ዕለት ሐጂ ጎህ ሲቀድ ለለቅሶ ደሴ ሄደዋል። ሾፌሩ በመርሳ ሲያልፍ መኪናውን ዳር አቁሞ ሐጂን ሊጠይቅ ይገባል፤ ወደ ጓሮ ቢመለከት ዓይኑን ማመን አቃተው። ለእኔም ለመምህሩም ደወለ። እኔ ማሽኔን በግማሽ ስፌት ጥዬ ወጣሁ። መምህሩም ከየት ከየት ብሎ ደረሰ። እንዲህ ያለ ውሎ ገብ አይተን አናውቅም፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ብቻ ቢጫ። ሦስታችን ዙሪያዋን ቆመን እንደ ሕፃን ዘለልን። የሐጂ ስልክ ለቅሶ ቤት ዝግ ነበር። ከመሸ ሲመለሱ የጠበቃቸው እርጥብ ጨርቅ የመሰለ ነገር ነው። ዘንጉ ላይ የቀረችውን አንዲት እምቡጥ ደግሞ በማግስቱ ዶሮ ለቀመቻት።

እንግዲህ አስቡት። አበባዋን የፈጠሯት ሐጂ፣ ያላዩአትም ሐጂ ብቻ! የሾፌሩ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስለሆነ ፎቶው ላይ የሚታየው የአውራ ጣቱ ግማሽና የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ነገር ነው። «በሉ ንገሩኝ፣ ምን ትመስል ነበር?» ብለው አስቀመጡን። እኔ የበሰለ ቡና ፍሬ አልኩ። ሾፌሩ «እንደ ፍሬን መብራት ነው፣ ማታ ማታ ከኋላ ስታየው» አለ። መምህሩ ሐምራዊ የሚያደላው ቡናማ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

«አንድ አበባ ነው ያያችሁት ወይስ ሦስት?» አሉ ሐጂ በንዴት።

ስም እናውጣላት ስንላቸውም እምቢ አሉ። «ያላየሁትን ልጅ ስም አላወጣም። ኢንሻአላህ ለከርሞ።» ተክሏ እንዳትጠፋም ቀይ ክር ጠየቁኝ። የእንጨት ምልክት ምስጥ ስለሚበላባቸው ሐጂ ተክሎቻቸውን የሚለዩት በክር ነው፤ ክሩን የማቀብለው እኔ፣ የየተክሉን ቅጠል ሰብስበው መሐሉ ላይ የሚያስሩት እሳቸው። ለቢጫው ቢጫ ክር፣ ለብርቱካኑ ብርቱካን፣ ለዚያች ለአንዷ ቀይ።

ወደ ጥር ወሩ ስብሰባ ልመለስ። መሰብሰባችን ሥር ለመከፋፈል ነበር፤ አበባ በሌለበት ወቅት ነው ተክሉ የሚነቀለውና የሚካፈለው። የሐጂን መደብ ምስጥ ገብቶት ስለነበር አፈሩን ሊቀይሩ አስበው፣ ማለዳ ሁሉንም ከነሥሩ ነቅለው፣ አጥበው፣ ጓሮ ማንጎው ጥላ ሥር ደርድረውታል። ያችን ባለቀይ ክሯንም ጭምር። እሷን ሊያሳዩን እንጂ ሊያካፍሉን አልነበረም። ከዚያ ሱቅ ከፍተው ደንበኛ ሲያስተናግዱ አረፈዱ።

ስንደርስ በር ላይ የተቀበሉን ታላቅ እህታቸው ናቸው። ከመርሳ ብዙ በማትርቀው ግራና ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሐጂን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ ሐጂ «እትዬ» ብለው አንቱ ይሏቸዋል፤ እትዬ ደግሞ መርሳ ሙሉ የሚያከብራቸውን ሐጂን «አንተ ልጅ» ነው የሚሏቸው። እንግዳ አለ ሲባል ሊያግዙ በጠዋት ከግራና መጥተዋል። ገበያ በቆመ ቁጥር ይመጣሉ። ሐጂ ግን ግራና የሚሄዱት ሱቁ ረገብ ሲል ነው፤ ሱቁ ደግሞ ረገብ ብሎ አያውቅም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ፣ ጫማ አውልቁ» አሉን እትዬ።

ሳሎኑ ለምለም ቀጤማ ተጎዝጉዞበታል። ያን የመሰለ ጉዝጓዝ በመስቀልም በዒድም አላየሁም። ሾፌሩ በሁለት እግሩ ገብቶበት ዓይኑን ጨፈነ፤ «የሐጂ ቤት ቀጤማ እኮ ልዩ ነው! እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለ። መምህሩ አንዷን ቅጠል አንስቶ እያኘከ ስለ አፈር ማብራራት ጀመረ። ሐጂም ከሱቅ ሲገቡ ደስ ብሏቸው «እትዬ ናቸው፣ ከግራና ወንዝ ይዘውልን መጥተው ነው» አሉን። እትዬ ሳህን ይዘው ጓዳና ሳሎን ይመላለሱ ስለነበር አልሰሙም።

ምሳው ሽሮ፣ ድንችና ፓፓያ ነበር፤ ሥጋ ላይ ሃይማኖታችን ስለማይገናኝ ሁሌም እንዲያ ነው የምንበላው። በልተን ስናበቃ ሐጂ እጃቸውን እያሻሹ «በሉ እንግዲህ፣ ላምጣላችሁ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ በጣቶቼ መካከል አንድ ነገር ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ቀይ ክር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና ክር ከእግሬ ሥር ቢገኝ አይደንቀኝም፤ ሁሌም ቀሚሴ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ይኼ ግን ተቋጥሯል፤ በቋጠሮው ውስጥ ደግሞ የቅጠል ቁራጭ አለ። ዞር ብል መምህሩ ጉልበት ሥር ቢጫ ክር አየሁ። ሾፌሩ ተረከዝ ላይ ብርቱካን። መምህሩ አየኝ፣ ክሩን አየ፣ የሚያኝከውን ቀስ ብሎ መዳፉ ላይ ተፋው።

ሐጂ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «እትዬ፣ ማንጎው ሥር የነበረውን ነገር አይተዋል?»

«ቀጤማውን?» አሉ እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው። «አየሁት እንጂ! ይኸው ረግጣችሁት የለ? ደሞ ቀጤማ ከነሥሩ ነቅሎ የሚያመጣው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቆርጬ ቆርጬ እጄ አለቀ። ሥሩን በማዳበሪያ አድርጌዋለሁ፣ ለፍየሎቼ ልወስደው።»

እኔ ቀይ ክሩን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ እንደያዝኩ ነኝ። ሐጂ ክሩን አዩት። ከዚያ ወለሉን አዩት፤ በዕድሜያቸው የደከሙበትን ሁሉ አራት ሰው ተቀምጦበታል፣ ሽሮ ጠብ ብሎበታል። እትዬ ደግሞ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ እያዩ፣ አንድ ክፉ ነገር እንደሠሩ ገብቷቸው፣ መሐረባቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ሐጂ ያን ጊዜ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቀጥሎ እዚያው ቀጤማ በሆነው አበባቸው ላይ ቁጭ ብለው። «የሐጂ ቤት ቀጤማ ልዩ ነው!» እያሉ ሾፌሩን ይቆነጥጡታል። እኛም ተለቀቅን። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። መምህሩ «ስለ አፈሩ ሳብራራ እኮ በልቼዋለሁ!» ሲል እትዬም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ሐጂ ቀድመው የሳቁት ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እህታቸው እንዳይሸማቀቁ ነው። በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቅጠል መቆረጡ ሥሩን አይጎዳም፣ እኛም ስንካፈል ልንቆርጠው ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ማዳበሪያው ተራግፎ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ሥሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ክሩ ያለው ወለል ላይ፣ ሥሩ ያለው ሳፋ ውስጥ። መምህሩ እያገላበጠ አሸተተ፣ ለካ፣ ወደ ብርሃን አወጣ። ሾፌሩ «ተወው ባክህ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» አለው። ቀይዋ የትኛዋ እንደሆነች የሚነግረን ክረምት ብቻ ነው።

«ሁሉንም እዚሁ መልሰው ይትከሉት፣ እኛ ምንም አንወስድም» አልናቸው በአንድ አፍ።

«ወላሂ አይሆንም!» አሉ ሐጂ። «ለእንግዳ የወጣ አይመለስም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንሱ። ብቻ ቀይዋ የፈነዳችለት ሰው ያኔውኑ ይደውል። አደራ፣ ውሎ ገብ ናት።»

ዓይናችንን ጨፍነን አነሳን። ስንወጣ ግን እኔ ድርሻዬን ጀበናው ጀርባ ደበቅሁት፣ ሾፌሩ ወንበር ሥር ትቶት ወጣ፣ መምህሩ በአጥር ላይ መልሶ ወረወረው። ሐጂ የሁላችንንም ለቅመው፣ መናኸሪያ ድረስ ተከትለውን፣ በሚኒባሱ መስኮት እየጮኹ ጭናችን ላይ ወረወሩብን። ተሳፋሪው ሁሉ ሽንኩርት መሰለው።

ከመውጣታችን በፊት ሐጂ የራሳቸውን ድርሻ አንስተው፣ ሳፋው ውስጥ የቀረውን ትንንሹን በፌስታል አድርገው ለእትዬ ሰጥተዋቸው ነበር። «ይውሰዱት፣ ግን ለፍየል አይደለም» አሏቸው።

እትዬ ፌስታሉን ተቀበሉ። «መቼ ትመጣና ታየዋለህ?»

«ኢንሻአላህ፣ ሱቁ ረገብ ሲል።»

ክረምቱ ገባ። ማለዳ ማለዳ በሌሊት ልብሴ ደጃፌ ላይ እየተቀመጥኩ ጣሳው ላይ ማፍጠጥ ሥራዬ ሆነ። የመጀመሪያዋ ቢጫ ሆነች፤ ሰደብኳት። ሁለተኛዋ ብርቱካንማ፤ እሷንም። አንድ ማለዳ ሾፌሩ «ቀይ ናት! ቀይ ናት!» ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ሐጂ ከመርሳ በረው መጡ። ለካ ተክሉን ከዝናብ ሊያስጥል በቀይ ሸራ ጋርዶት ኖሯል፤ ሸራው ሲገለጥ ያችው የጥንቷ ብርቱካንማ ናት። ሐጂ አልተቆጡም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው በመጡበት መኪና ተመለሱ። የሳቁ መስሎኝ ነበር፣ ግን ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አልነበረም። የመምህሩ ሥር በስብሶ ቀረ። የሐጂ የራሳቸው ድርሻ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ነሐሴ ሲጋመስ ስለ አበባ መደዋወል ተውን።

አንድ ቀን ገበር ልገዛ መርሳ ሐጂ ሱቅ ቆሜያለሁ። ሐጂ ጨርቁን በእንጨት ሜትራቸው እየለኩልኝ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። እጃቸው ስለተያዘ ድምፁን ለቀቁት።

«አንተ ልጅ፣ ያ ቀጤማችሁ አበባ ያወጣል እንዴ?» እትዬ ናቸው።

ሐጂ ሜትሩን አልለቀቁም። «ምን ዓይነት አበባ?»

«እኔ እንጃ። የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። ጉሮሮው ግን ቢጫ ነው።»

ያቺ አገላለጽ ከሦስታችንም ሳትሻል አልቀረችም። ሐጂ የእኔን ገበር በግማሽ ለክተው፣ ሳይቆርጡት፣ ልጃቸውን «ሱቁን ያዝ!» ብለው እየሮጡ ወጡ። ተከትያቸው ሮጥኩ። ቀኑ ከተጋመሰ ቆይቷል፤ ውሎ ገብ ደግሞ ከማምሻ አታልፍም። ያገኘነው ባጃጅ ውስጥ ዘለን ስንገባ ባለባጃጁ መስተዋቱን አስተካክሎ አየኝ። ያው በጥር ያመጣኝ ልጅ ነው።

«ዛሬስ አበባው አለ?» አለኝ።

«አለ! ንዳው!» አልኩት።

ነዳው። የግራና መንገድ ዝናብ ጠግቦ ስለነበር መሐል ላይ ጭቃ ዋጠን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከኋላ ይገፋሉ፤ እኔ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ እገፋለሁ፤ ባለባጃጁ «አንድ፣ ሁለት!» ይላል። ስንወጣ ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ሆነናል። ሐጂ የእንጨት ሜትራቸውን እስካሁን እንደያዙ ያወቅነው ያኔ ነው፤ እንደ ፖሊስ ዱላ ብብታቸው ሥር ሸጉጠውታል። ሳቅ አላስቀምጥ አለኝ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ አንድ ነገር በሰፌድ ከልለው ቆመዋል። «ዝናቡ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉና ሰፌዱን አነሱት።

ነበረች። ሐጂ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ በርከክ አሉ። ብዙ ካዩ በኋላ «ማሻአላህ» አሉ በቀስታ፤ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ከሦስታችሁ አንዳችሁም በትክክል አልተናገራችሁም!»

እየሳቅሁ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ስሟን ማን እንበላት ብላቸው «ቀጤማ ናታ፣ ሌላ ማን ትባል!» አሉኝ።

ቆይተው አፈሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና «እትዬ፣ ከነአፈሯ ላንሳትና መርሳ ልውሰዳት» አሉ።

«ለእንግዳ የወጣ አይመለስም ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉ እትዬ።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀች ነበር፤ የአበባዋም ጠርዝ መታጠፍ ጀምሯል። ባለባጃጁ እንዳይመሽብን ጡሩንባውን ነካ አደረገው። ሐጂ ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። እትዬ ግን ጎንበስ ብለው ዘንጉ ላይ ያሉትን እምቡጦች በጣታቸው እየነኩ «ይቺ ነገ ናት። ይቺ ከነገ ወዲያ» አሉ። «ስትፈነዳ ማየት የሚችለው እዚህ ያደረ ነው።»

«ሱቁን ትቼ እኮ ነው እትዬ፣ ልጁ ብቻውን...»

«ውሎ ገቧ አበባዋ ናት። አንተን ማን ውሎ ገብ አደረገህ?»

ሐጂ እህታቸውን አዩ። በደንብ አዩአቸው፤ ቅድም አበባዋን እንዳዩአት። ከዚያ የእንጨት ሜትሩን ለእኔ ሰጡኝና ጭቃ የያዘ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ።

ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ስገባ ልጁ ወደ ቤቱ ተመለከተ። «ሐጂስ?» አለኝ።

«ያድራሉ» አልኩት።